ይህ ሁሉ ሜዳ ለስንት ቆርኬ ይበቃል?

ባለፈው ጥቅምት ለሁለት ቀን ዕረፍት ወደ ሐዋሳ ስንወርድ ሻሸመኔ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ባለቤቴ «ይመሽብናል» እያለ ነበር። ልጆቹ ግን ስለ ቆርኬ በትምህርት ቤት ተምረው ስለነበር ፋታ አልሰጡንም። የሀላባን መንገድ ይዘን አጄ ደረስን። ከዚያም በጥርጊያው መንገድ እየተንገጫገጭን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላይ ስንቀሌ ገባን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሳሩ ወገብ ይደርሳል፤ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

መጀመሪያ ያየናቸው ጆሮዎች ነበሩ። ቀጥሎ ቀንዶች፣ ከዚያ ያ ረጅም፣ ሁልጊዜ ያዘነ የሚመስለው ፊታቸው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጄ ጣቱን እየቀሰረ ቆጠራቸው። ሃያ ሦስት ናቸው። ትንሽ ዝም ብሎ አካባቢውን ሲቃኝ ቆየና አብሮን ወደመጣው የመጠለያው ጥበቃ ዞረ።

«ጋሼ፣ ሜዳው ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ለምንድን ነው እነሱ ጥቂት የሆኑት? ለስንት ነው የሚበቃው?»

ጥበቃው ሳቁ። «እሱን ሳሩን ጠይቀው፣ የኔ ልጅ» አሉት።

መልሱ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች የጻፉትን ማገላበጥ ስጀምር ግን የሙያው ሰዎች የሚያደርጉት በትክክል ይህንኑ ሆኖ አገኘሁት፤ ሳሩን ይጠይቃሉ። አንድ መሬት ራሱ ሳይጎዳ ምን ያህል ሳር በል እንስሳ ማኖር እንደሚችል የሚለካው ስሌት «የመሸከም አቅም» ይባላል። ስሙ የጭነት መኪና ነገር ይመስላል። ሥራው ግን ከማንኛችንም የወር አስቤዛ ብዙ አይርቅም።

ጓዳን እንደመቁጠር

የቤት ወጪ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ይህን ስሌት ያውቀዋል። ጤፉ ስንት ኪሎ ነው? በቀን ስንት እንጀራ ይበላል? እንግዳ ቢመጣስ? ወሩ ሳያልቅ ያልቃል ወይስ ይተርፋል?

የሳሩም እንደዚሁ ይጀምራል። ባለሙያው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ክፈፍ ሳሩ ላይ ያስቀምጥና በውስጡ ያለውን ሁሉ በመቀስ ይቆርጣል፣ በከረጢት ይዞ ሄዶ ያደርቃል፣ ይመዝናል። ማድረቁ የግድ ነው፤ የክረምት ሳር አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። ይህንኑ በሜዳው በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ወር ይደጋግመዋል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ደግሞ እንስሳት እንዳይደርሱበት ትንሽ የሽቦ ጎጆ ይተከላል። ከጎጆው ውስጥ ያደገውና ከውጭ የቀረው ሳር ሲነጻጸር ምን ያህሉ እንደተበላ ይታወቃል።

አሁን ልጄና እኔ በማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሠራነውን ስሌት ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ የስንቀሌ አይደሉም፣ ለምሳሌ የወሰድናቸው ናቸው። ሃምሳ ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 5,000 ሄክታር የሆነ ሜዳ አለን እንበል። ዝናቡ ደህና ነው፣ አንዱ ሄክታር በዓመት 3,000 ኪሎ ደረቅ ሳር ይሰጣል። በጠቅላላው 15 ሚሊዮን ኪሎ፣ በኩንታል 150,000 ይሆናል።

ልጄ ወዲያው ለቆርኬዎቹ ሊያካፍለው ተነሣ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሳር እንደ ጤፍ ተወቅሮ ጎተራ የገባ እህል አይደለም፤ ሕያው ነው። ቅጠሉ እስከ ሥሩ ከተጋጠ ሥሩ ይደክማል፣ የሚቀጥለው ዓመት ምርት ይቀንሳል። ስለዚህ የግጦሽ ባለሙያዎች የቆየ ደንብ አላቸው፦ ግማሹን ውሰድ፣ ግማሹን ተው። ከሚወሰደው ግማሽ ላይ ደግሞ ምስጡና ፌንጣው የራሱን ይቆርሳል፣ በኮቴ የሚረገጠው አለ፣ የሚበሰብሰው አለ። ጠንቃቃ ሰው በመጨረሻ ለትልልቆቹ እንስሳት የሚመድበው ከሩብ እስከ ሲሶ ያለውን ነው። እኛ ከመቶ ሠላሳውን ወሰድን። 45,000 ኩንታል ቀረን።

ሳር በል እንስሳ በቀን ከክብደቱ መቶኛ ሁለት፣ ሁለት ተኩል ያህል ደረቅ ሳር ይፈልጋል። 150 ኪሎ የሚመዝን ቆርኬ በቀን ወደ 3.75 ኪሎ፣ በዓመት ወደ 1,370 ኪሎ ይበላል ማለት ነው። ያን 45,000 ኩንታል ለዚህ ብናካፍለው ሜዳችን ለ3,280 ቆርኬዎች ገደማ ይበቃል።

«ሦስት ሺህ!» አለ ልጄ። ደስ አለው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀጥለን አንዲት ላም አስገባን። የዱር እንስሳትንና የቤት ከብትን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ ባለሙያዎች 250 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከብትን መለኪያ ያደርጋሉ፤ የእኛ አገር ላም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በዚያው ስሌት ይህች ላም በዓመት ወደ 2,280 ኪሎ ትፈልጋለች። ወደዚያ ሜዳ ሁለት ሺህ ያህል ከብት ቢገባስ? ሂሳቡ አለቀ። ለአንዲት ቆርኬ እንኳ የሚተርፍ የለም። በአካባቢው ያሉ ጥቂት ቀበሌዎች ከብቶቻቸውን ቢነዱ ሁለት ሺህ የሚለው ቁጥር በአንድ ጠዋት ሊሞላ ይችላል።

ልጄ እርሳሱን አስቀመጠ።

በጋ የሚባል ዳኛ

ይህ ስሌት ግን አንድ ትልቅ ስህተት አለበት። ዓመቱን በሙሉ እኩል አድርጎ ያያል። ደመወዝ በሃያ አምስት ወጥቶ በአሥር የሚያልቅበት ሰው «በአማካይ ደህና ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል? የእንስሳቱም ጭንቅ ያው ነው። ነሐሴ ላይ ሁሉም ጠግቦ ያድራል። የሚፈርደው የካቲት ነው፣ መጋቢት ነው። ያኔ የቀረው ሳር ደርቆ እንጨት ሆኗል፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይሠራም። ውሃ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው፣ ሁሉም እዚያው ይሰበሰባል፤ ከውሃው ራቅ ያለው ሳር ቢኖርም እንደሌለ ነው። ስለዚህ አንድ መሬት የሚሸከመው እንስሳ ብዛት የሚወሰነው በምርጡ ወር ሳይሆን በክፉው ወር ነው።

ቆርኬ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ የሜዳ ዘመዶቹ ብርቱ ነው። ያ አስቂኝ ረጅም አፉ ከደረቁ አገዳ መካከል ደህናውን ቅጠል እየለየ እንዲለቅም ይረዳዋል። ልጆቹ ሲስቁበት የነበረው ፊት የበጋ መሣሪያ ነው።

ክፉውን ወር ከሁሉ በላይ የሚወስነው ደግሞ ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኮ፣ ከሚንግና ፊሊፕሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ፓርኮችን አነጻጽረው አንድ ነገር አሳዩ፤ የአንድ ቦታ ዓመታዊ ዝናብ ከታወቀ በዚያ የሚኖሩት ትልልቅ ሳርና ቅጠል በሎች ጠቅላላ ክብደት ምን ያህል እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ዝናቡ በጨመረ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል። ይህ በተለይ የሚሠራው ከ700 ሚሊ ሜትር በታች በሚዘንብባቸው ደረቅ አካባቢዎች ነው። ዝናቡ ከዚያ በላይ ሲሄድ ሳሩ ይረዝማል፣ ይገረጅፋል፣ ንጥረ ነገሩ ይሳሳል፤ ብዙ ሳር ማለት ብዙ ምግብ ማለት መሆኑ ያበቃል። የአፈሩ ለምነትም የራሱ ድርሻ አለው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ሁሉም እንስሳ አንድ ገበታ ላይ አይቀርብም። በሰሬንጌቲ ሜዳ የሜዳ አህያ ቀድሞ ይገባና የረዘመውን ሻካራ ሳር ይበላል። ከእሱ በኋላ ዋይልድቢስት የሚባለው፣ በቴሌቪዥን ወንዝ ሲሻገር አዞ የሚጠብቀው እንስሳ፣ መካከለኛውን ቅጠል ይጋጣል። በመጨረሻ ትንሿ የሜዳ ፍየል መጥታ ከሥር የበቀለውን ለጋ ትለቅማለች። አንዱ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል። ሜዳው ለአንድ ዓይነት እንስሳ ከሚበቃው ይልቅ ለተለያዩ ዓይነቶች አብልጦ የሚበቃበት ጊዜ አለ። በጓዳ ቋንቋ፣ አንዱ ቅርፊቱን አንዱ ሥጋውን የሚወድበት ቤት ምግቡ አይባክንም።

ሃያ ዘጠኝ አጋዘን

ሰዎች ይህን ስሌት ችላ ብለው ምን እንደሚሆን በግልጽ ያዩበት ቦታ ከእኛ እጅግ ሩቅ ነው። በአላስካና በሩሲያ መካከል ባለው ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ሴንት ማቲው የምትባል 332 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነች ሰው አልባ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያ የሰፈሩ ጥቂት የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ነበሩ። ምግብ ቢቋረጥባቸው እንዲያርዱ ተብሎ 29 የበረዶ አገር አጋዘኖች ተወሰዱላቸው፤ በፈረንጅ ገና ፊልም ላይ የአባባ ገናን ጋሪ የሚጎትቱት ዓይነት። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ አበቃ፤ ሰዎቹ ወጡ፣ አጋዘኖቹ ቀሩ።

ተኩላ የለም። አዳኝ የለም። ድንጋዩንና መሬቱን እንደ ሽበት የሸፈነው፣ አጋዘን በክረምት የሚኖርበት ወፍራም ተክል ሞልቶ ተርፏል። ዴቪድ ክላይን የተባለ የሥነ ሕይወት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1957 ደሴቲቱን ሲጎበኝ 1,350 አጋዘኖች ቆጠረ፤ የሰቡ፣ የሚያምሩ። በ1963 ሲመለስ 6,000 ሆነዋል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 18 ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «በለጸጉ» ይል ነበር። ክላይን ግን ሌላ ነገር አየ። እንስሳቱ ክብደታቸው ቀንሷል። የግልገሎቹ ድርሻ ወርዷል። ያ ወፍራም ተክል ተግጦ አልቋል፤ በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ እንደ ሳር በአንድ ክረምት የሚተካ አይደለም። አጋዘኖቹ ትርፉን በልተው ጨርሰው ዋናውን መብላት ጀምረው ነበር። ከዚያ ከባድ በረዶ የጣለበት ክረምት መጣ። ክላይን በ1966 ተመልሶ ሲሄድ ደሴቲቱ በአፅም ተሞልታ አገኛት። በሕይወት የነበሩት 42 ነበሩ። 41ዱ ሴቶች፣ አንዱ ቀንዱ የተበላሸ ወንድ። ግልገል የለም። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳይሞላ አንድም አልቀረም።

ይህን ታሪክ ለልጄ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ለምን ማንም አላስጠነቀቃቸውም?» ብሎ ነው። ማንን? አልኩት በልቤ። እኔን የገረመኝ ግን የማስጠንቀቂያው ዓይነት ነው። ቁጥሩ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ምልክቱ በእንስሳቱ ሰውነት ላይ ተጽፎ ነበር። በዚህ ምክንያት የዛሬ ባለሙያዎች ስንት ናቸው ብለው ብቻ አያቆሙም፤ ወፍረዋል ወይ፣ ጥጆች በስንት ዓመታቸው ይወልዳሉ፣ ከተወለዱት ስንቱ በጋውን አለፈ ብለው ይጠይቃሉ። ሐኪም ቤት ልጅ ስንወስድ መጀመሪያ ሚዛን ላይ የምትቀመጠው ለዚሁ ነው።

በምጽዋ የገባው በሽታ

ቀጣዩ ታሪክ ከእኛ ይጀምራል፤ አያቶቻችንም «ክፉ ቀን» ብለው ያወሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ጣልያን ለጦሩ በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ የሚታመነው «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ አገሪቱን አዳረሰ። ስሙ ለምን ደስታ እንደተባለ አሁንም ይገርመኛል። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይነገራል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ረሃቡ ተከተለ። በሽታው እዚህ አላቆመም። አህጉሩን ወደ ደቡብ እያቆራረጠ በ1890ዎቹ አጋማሽ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ጎሹን፣ ዋይልድቢስቱንና ሌሎች ሰኮናቸው የተሰነጠቀ የዱር እንስሳትን እንደ ከብቱ አጨዳቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሰሬንጌቲ የሄዱ ሰዎች ያዩት ሜዳ ይህ በሽታ እየተመላለሰ ያሳሳው ሜዳ ነበር። እነሱ ግን ሜዳው ሁልጊዜ እንደዚያ የነበረ መሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቆጠሩት ዋይልድቢስቶች ሩብ ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ሜዳው የሚችለው ይህንን ነው ቢባል ማን ይከራከር ነበር?

ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ ሙጉጋ ላይ ለዚህ በሽታ አስተማማኝ ክትባት ሠራ። ክትባቱ የተሰጠው ለከብት እንጂ ለዱር እንስሳ አይደለም። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ከብቶች ሲከተቡ ግን በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። ዋይልድቢስቶቹ መብዛት ጀመሩ። ግማሽ ሚሊዮን፣ ሰባት መቶ ሺህ፣ አንድ ሚሊዮን። በ1970ዎቹ መጨረሻ 1.3 ሚሊዮን ሲደርሱ ቆሙ። ማንም አላስቆማቸውም፤ ያስቆማቸው የበጋው ሳር ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው በዚያው አካባቢ ሲዋዥቅ ኖሯል። በ1993 ድርቅ ጊዜ ከሚሊዮን በታች ወረደ፣ ተመልሶም ወጣ።

ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ተከተለ። ያ ሁሉ አፍ ሳሩን ሲያሳጥረው በየበጋው ሜዳውን ያቃጥል የነበረው እሳት ቀነሰ። እሳቱ ሲቀንስ ችግኞች ማደግ ቻሉ፣ ዛፍ በዛ፣ ቀጭኔ የሚቀጥፈው ቅጠል አገኘ። ሁሉም ነገር ከአንድ የከብት ክትባት ተነሣ። ዓለም ከዚህ በሽታ ነጻ መሆኗ በይፋ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እስከዛሬ ከምድር ላይ ሙሉ በሙሉ ከጠፉት በሽታዎች፣ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ይህ ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ዛሬ በሜዳው ላይ ያለው ቁጥርና ሜዳው የሚችለው ቁጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስንቀሌ ላይ ልጄ የጠየቀውም ይህንኑ ነበር።

ወደ ስንቀሌ ስንመለስ

ቆርኬያችን በፈረንጆቹ ዘንድ የሚጠራው በስዌይን ስም ነው። ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ሶማሊያ ሜዳዎች መንጋውን ያየ እንግሊዛዊ መኮንን ነው። በዚያ ዛሬ አንድም የለም። በዓለም ላይ የቀሩት በኢትዮጵያ ብቻ ናቸው፤ በስንቀሌ፣ በማዜ ብሔራዊ ፓርክና በጥቂት ሌሎች ቦታዎች። ስንቀሌ ከ60 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዚያች ትንሽ መሬት ላይ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በነበረው ግርግር ወደ ጥቂት መቶዎች ወረዱ፤ ታደኑ፣ መሬታቸውም ታረሰና ተጋጠ። ጥበቃው ሲመለስ ቀስ በቀስ አገገሙ።

በ1970ዎቹ መንጋው ብዙ በነበረ ጊዜ ከስንቀሌ ተይዘው ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሳር ፓርኮች የተወሰዱ ነበሩ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ እንቁላልን ሁሉ በአንድ ዘንቢል አለማስቀመጥ። አዋሽም ነጭ ሳርም ከስንቀሌ ብዙ እጥፍ ሰፊ ናቸው። በሁለቱም ግን እንደታሰበው አልበዙም። የነጭ ሳር ሜዳ በስሙ ነጭ ሳር ይሁን እንጂ ቁጥቋጦ እየወረረውና ከብት እየገባበት ኖሯል። በካርታ ላይ ሰፊ መሆን ሌላ፣ የሚበላ ሳር መኖር ሌላ።

እዚህ ላይ ከተማ ተቀምጦ «ከብቶቹን አስወጡ» ማለት ቀላል ነው። እኔም ያን ቀን በመኪና መስኮት እያየሁ ብዬዋለሁ። ግን ያ እረኛ ልጅ ከልጄ በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው፤ የሚነዳት ላም የቤተሰቡ ወተት፣ የደብተሩ መግዣ፣ የክፉ ቀን ቁጠባ ናት። የስሜን ተራሮች ፓርክን ያየ ይህን ያውቀዋል። የግጦሽ ጫና ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ፓርኩ ለሃያ ዓመት ያህል በዩኔስኮ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ ቆየ። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በሌላ ቦታ ከሰፈሩ በኋላ። ዋልያው ሳር አገኘ። አንድ መንደር ግን ከአያት ቅድመ አያቱ ቀዬ ተነሣ። ይህን በሒሳብ ብቻ የሚፈታ ሰው ካለ አላየሁም።

ሌላ መንገድ የሞከሩ አሉ፤ ያውም ከመቶ ዓመታት በፊት። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ አለ። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሳር ነው፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያ የሚሆን ጠንካራ ሳር። ጭላዳዎች፣ በዓለም ላይ በዋናነት ሳር እየጋጡ የሚኖሩ ብቸኛ ዝንጀሮዎች፣ ጓሳ ላይ ይውላሉ፤ ቀይ ቀበሮም አይጥ ያድንበታል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን ተካፈሉት ይባላል፤ ልጅ ልጆቻቸውም «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። መሬቱ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት ጭምር ይዘጋል። ከብት አይገባም፣ ሳር አይታጨድም። ሳሩ በደንብ ደረሰ ተብሎ ሲታመን ለጥቂት የበጋ ወራት ይከፈታል፤ ሰው በጣም በሚቸገርበት ወቅት። ዝናቡ ሲመጣ ይዘጋል። የጣሰ ይቀጣል።

ክፈፍ የለ፣ መቀስ የለ፣ ሚዛን የለ። ስሌቱ ግን ያው ነው፦ ሥሩን አትንካ፣ ጓዳውን ለክፉው ወር ጠብቅ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከመጣ በኋላ ቀሮ ፈረሰ፣ ጓሳም ብዙ ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ በአዲስ መልክ፣ በአካባቢው ደንብ ተደግፎ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመው። ዛሬ እዚያ ሄዶ ከጭላዳዎቹ መንጋ መካከል ቁጭ ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ለቅዳሜና እሑድ የሚሆን ጉዞ ነው፤ ወፍራም ሹራብ ያዙ፣ ቦታው ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር በላይ ነው።

ስሌቱ ራሱ የማይሠራበት መሬትም አለ። እንደ ቦረና ባሉ፣ አንዱ ዓመት ዘንቦ ሌላው በሚነጥፍባቸው ቆላዎች «ይህ መሬት ይህን ያህል ይሸከማል» የሚል ቋሚ ቁጥር መስጠት ብዙም ትርጉም የለውም። ቦረናዎች ይህን ስለሚያውቁ ከብታቸውን ይከፍሉታል። ወተት የሚሰጡት «ወራ» ተብለው ቤት አጠገብ ይቀራሉ፣ ሌሎቹ «ፎራ» ተብለው ዝናብ ወደጣለበት ራቅ ብለው ይነዳሉ። የዱር እንስሳትም ከታሪክ እንዲሁ ነበሩ። ቆርኬ ከስንቀሌ ተነሥቶ ወደ ፈለገበት ሊሄድ የሚችልበት ዘመን ግን አልፏል፤ ዙሪያው እርሻ ነው፣ መንደር ነው፣ አስፋልት ነው። መሄድ የማይችል እንስሳ ክፉውን ወር እዚያው ማሳለፍ አለበት።

በግቢያችን

ከጉዞው ከተመለስን በኋላ ልጄ በግቢያችን ባለው ሳር ላይ አራት እንጨት ተክሎ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በገመድ ከለለ። የግቢው አትክልተኛ እንዳያጭዱት ለምኖ አስፈቀደ። በወሩ በመቀስ ቆረጥነው፣ በረንዳ ላይ በጋዜጣ አስጥተን አደረቅነው። ማዕድ ቤት ባለችው የኬክ ሚዛን ስንመዝነው 140 ግራም ሆነ። ለግቢው ሁሉ አባዛው፣ ከመቶ ሠላሳውን ወሰደ፣ ለቆርኬ አካፈለ።

«ዓመቱን ሙሉ በዚህ ልክ ቢበቅልም ግማሽ ቆርኬ» አለኝ፣ ደብተሩን እያሳየኝ። ከዚያ ጠብቆ ጨመረ፦ «ያውም በክረምት ነው። በየካቲት እንደገና መቁረጥ አለብን።»

እኅቱ ቀድማ ለፍየል አስልታ ነበር።